አንድ ቢላዋ፣ ሁለት እጅ

ዳማዋ በቅሎ ጉሙ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች። ከፋለ ልጓሟን ሳበ፤ አልተነቃነቀችም። ጆሮዎቿን ወደፊት ቀስራ ታነፋንፋለች። ጭነቱን ከኋላ ሲደግፍ የመጣው የሚስቱ ወንድም ምናለ በዱላው ታፋዋን ነካ አደረጋት፤ ይባስ ብላ ወደኋላ አፈገፈገች።

«ጅብ ሸቷታል» አለ ከፋለ።

«በጠራራ ቀን?»

«ዘንድሮ ጅቡ ቀንና ሌሊት መለየት ትቷል።»

እውነቱን ነው። ዘመኑ ሰባ ሰባት፣ ወሩ ኅዳር ነበር። ዝናብ ከላስታ ሰማይ ከጠፋ ከርሟል። ታች ቆላው ላይ የደርግ ጦርና አማፂው ይታኮሳሉ፣ መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሌላ ቀን ይዘጋል፤ ስለዚህ የሚበላ ፍለጋ የወጣ ሰው ሁሉ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ መቧጠጥ ነበረበት። ተራራው ደግሞ ሁሉን አያሳልፍም። መንገድ ላይ የቀረውን የሚቀብር ስለጠፋ ጅቡ ጠገበ፣ ከጠገበም ደፈረ።

ሁለቱ ሰዎች ቆላ ካለ ዘመድ ያገኙትን አንድ ስልቻ ማሽላ ጭነው ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው እየተመለሱ ነው። ስልቻው ጎኑ ተቀዶ የከፋለ ሚስት ወለተ ሐና በቀይ ቆዳ ጥፋዋለች። እሷ ቤት ሆና ያንን ስልቻ ትጠብቃለች።

ከፋለ ወገቡ ላይ ከጠመጠመው ወንጭፍ አንዱን ጫፍ ፈትቶ ድንጋይ አጎረሰና ቀድሞ ሄደ። ጉሙ ሳሳ ሲል አንድ ትልቅ የጅባራ ተክል ታየው። ከሥሩ አንዲት ሴት በቡሉኮ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ከፊቷ አንድ ሰው ዱላ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ከሁለቱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጅብ እንደ ቤት ውሻ ቁጢጥ ብሎ ይመለከታቸዋል።

ወንጭፉ ጮኸ። ጅቡ ጎኑን ተመትቶ ጓሳው ሣር ውስጥ ተሰወረ፤ ግን ሩቅ እንዳልሄደ ሁሉም ያውቃሉ።

ተቀምጦ የነበረው ሰው ከፋለን ቀና ብሎ አየው። ጉንጩ ሰርጉዶ ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው። የሚበላ አልለመነም፤ አንሡንም አላለም።

«ወንድሜ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሌሎችም አሉ። በቅሎህን እንዳትለቃት» አለ።

ከፋለን የያዘው ይኸው ነው። ቢለምነው ኖሮ፣ ስንቱን ለማኝ አልፎ እንደመጣ እግዜር ያውቃል፣ ይህንንም አልፎት በሄደ ነበር። ሊሞት የተቀመጠ ሰው ለሰው በቅሎ ሲጨነቅ ሲያይ ግን እግሩ አልነሣ አለው።

ሰውየው አባስ ይባላል፤ ሴቲቱ ሚስቱ ረሒማ ናት። ከራያ በኩል ነው የመጡት። ታች ያለው መጠለያ ሞልቷል ተብለው ተመልሰው፣ ላሊበላ ዳር ወተት የሚታደልበት ድንኳን ተተክሏል ሲባል ሰምተው ተራራውን ወጡ። አንድ ልጃቸውን እመንገድ ቀብረዋል። ረሒማ ከትናንት ጀምሮ መቆም አልቻለችም።

ምናለ ከፋለን በክንዱ ጎተት አደረገው።

«ጋሼ፣ አብደሃል? በቅሎዋ ወይ እህሉን ትሸከማለች ወይ ሴትዮዋን። ደግሞ ምናችን ናቸው? የኛ ሰው እንኳ ቢሆኑ አንድ ነገር ነው።»

«አየሁ። ማተብ የላቸውም።»

«እህቴ ጦሟን ነው ያለችው!»

«ያንተ እህት የኔም ሚስት ናት» አለና ከፋለ የጭነቱን ጠፍር መፍታት ጀመረ። «እህሉን አንተ ተሸከም። በገደሉ አቋራጭ ውረድ፣ ቶሎ ትደርሳለህ። እኔ በዙሪያው መንገድ እመጣለሁ። ገደሉን በሽተኛ የጫነች በቅሎ አትወርደውም።»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«እመንገድ ሰው አገኘ በላት።»

ምናለ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ እያጉረመረመ ወረደ። ቀዩ መጣፊያ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ ይታይ ነበር። ከፋለ ለራሱ አንድ ከረጢት የማሽላ ቆሎ አስቀርቷል። የለፉበት እህል ሲሄድ እያየ ቆሞ ቀረ፤ ሚስቱ ትዝ አለችው፣ ግን ዞሮ ረሒማን አቅፎ ኮርቻው ላይ አወጣት። የማገዶ እስር ያህል ነበር ክብደቷ።

የዙሪያው መንገድ የሚኬደው በጓሳ ሣርና በአስታ ቁጥቋጦ መካከል፣ በስተግራ ጥልቁን ገደል እያዩ ነው። ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ባቄላ የሚያህል በረዶ ራሳቸውንና በቅሎዋን ቀጠቀጠ፤ ዱካው ተሸፈነና መንገድ ሳቱ። አባስ የበቅሎዋን ጅራት ይዞ እየወደቀ እየተነሣ ይከተላል። ከበረዶው ወዲያ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በኋላ፣ ጅቦቹ ይጠራራሉ።

አንድ የአለት ጥግ አግኝተው ተጠጉ። ረሒማ ድዷ ቆስሎ ቆሎ ማኘክ አትችልም። ከፋለ ማሽላውን በጣሳ ቀቅሎ ውሃውን ሰጣት፤ መለሰችው። አባስ እጉያው ከያዛት ትንሽ የቆዳ ከረጢት ቆንጥሮ በሶ በጥብጦ በጣቱ አስላሳት። እስከዚህ ያደረሳት ያ በሶ ነው። የቀረውም እፍኝ አይሞላም።

«ሾርባ ነበር የሚያነሣት» አለ አባስ። «ትንሽ የሥጋ ውሃ።»

በማግስቱ ማለዳ ከፋለ በወንጭፍ ቆቅ ጣለ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ሮጦ አነሣት፣ ቢላዋውን መዘዘ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዳደረገው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ባረከና አረዳት። እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ነበር። ላባዋን ነጭቶ፣ ቀቅሎ፣ ጣሳውን ይዞ መጣ። ረሒማ ሽታው ሲደርሳት ዓይኗን ገለጠች።

«ማን ባረከው?»

ለከፋለ ያኔ ነው የገባው። ጣሳውን ዝቅ አደረገ።

«አላህ ለተቸገረ ይፈቅዳል፣ ረሒማ» አላት አባስ በለሆሳስ። «ጠጪው።»

«ላንተ ከፈቀደልህ ጠጣ። እኔ ዕድሜዬን ያልነካሁትን በመሞቻዬ አልነካም።» ወደ ከፋለ ዞረች። «አትቀየመኝ ወንድም ዓለም። እጅህ ይባረክ። ግን አልችልም።»

ፊቷን ወደ አለቱ አዞረች። አባስም ሚስቱ ያልቀመሰችውን አልቀምስም አለ። ከፋለ ደሙ ፈላ። ምን ዓይነት ግትር ሴት ናት! እሱ የሚስቱን እህል ጥሎ፣ በበረዶ ተቀጥቅጦ፣ እሷ ትመርጣለች! ጣሳውን ይዞ ወጣና ተቀመጠ። እንፋሎቱ ፊቱን እየመታው አንጀቱ ይጮሃል። አንዴ ቢጎነጭ ማን ያየዋል?

ግን የነቢያት ጾም ነበር። እሱም አልጠጣውም።

እዚያው ቁጭ ብሎ ትንሽ ቆየና፣ ንዴቱ እየበረደ እፍረት መጣበት። ያቺ ሴት ያደረገችው እሱ አሁን ያደረገውን ነው። ሾርባውን ደፍቶ ጣሳውን በበረዶ አጠበ። የቆቋን ሥጋ ጅቦቹ በሉት።

በዚያ ቀን ረሒማ መናገር አቆመች። ኮርቻው ላይ በመቀነት አስረዋት ሄዱ። ሰው የለቀቃቸው ሁለት ጎጆዎች አጠገብ አለፉ፤ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውሻ እንኳ የለም። ቀኑ ሊጋደል ሲል ከበላያቸው፣ ከአለቱ ጀርባ፣ ፍየል ጮኸች።

አንዴ ብቻ ነው የጮኸችው፤ ድምፁ ተቋረጠ።

ከፋለ ልጓሙን ለአባስ ወርውሮ አቀበቱን ቧጠጠ። አናቱ ላይ ሲደርስ ከባለቤቶቿ የጠፋች ፍየል ተጋድማ፣ ነብር አንገቷ ላይ ተጣብቆ አየ። እግሮቿ ይራገጣሉ። በሕይወት አለች! ከሞተች ለእስላምም ለክርስቲያንም ጥንብ ናት፤ ቢላዋውን እሱ ካሳረፈባት ደግሞ ጠዋት የሆነው ይደገማል። ያለው ጊዜ የፍየሏ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው።

ወንጭፉን አሽከረከረ። ድንጋዩ የነብሩን ትከሻ መታው። ነብሩ ቀና አለ፣ ጥርሱን አሳየ፣ አልሄደም። ከፋለ ሌላ ድንጋይ የሚያጎርስበት ጊዜ አልነበረውም። ዱላውን አነሣና «ኧረግ! ኧረግ!» እያለ፣ እናቱ ብታየው በምትረግመው ድፍረት፣ ወደ ነብሩ ሮጠ። ነብሩ ደም በነካው አፉ አንዴ አጉረምርሞ ወደ አስታው ገባ። ከፋለ ፍየሏን በኋላ እግሮቿ ይዞ እየጎተተ፣ እየተንሸራተተ፣ ጉልበቱ እየተላጠ ወረደ። አስታው ከላይ ይንኮሻኮሻል። ነብሩ እየተከተለ ነው።

«አባስ! ቢላዋ! ነፍስ አላት!»

አባስ ቢላዋውን ተቀበለ። ቢላዋው ከእጁ ወደቀ። አንሥቶ እንደገና ሞከረ፤ ስለቱ ጠጉሩ ላይ ተንሸራተተ። የፍየሏ ዓይን እየፈዘዘ ነው። በቅሎዋ ነብሩ ሸትቷት ትዘላለች፤ ረሒማ ኮርቻው ላይ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች።

«ጉልበት የለኝም» አለ አባስ። «እጄን ያዝልኝ።»

ከፋለ ከኋላው ተንበርክኮ የአባስን አንጓ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለ አባስ፤ ከፋለም አብሮት ጫነ። ሞቃት ደም የሁለቱንም እጅ ነካ።

ነብሩ እሳት እስኪነድ ድረስ ከላይ ሆኖ ሲያጉረመርም ቆየ። የመጀመሪያውን ሾርባ አባስ ለረሒማ ሲያቀርብላት ከንፈሯ እንደምንም ተንቀሳቀሰ።

«ማን አረደው?»

«እኔ። ከፋለ ጉልበት ሆነኝ።»

ከፋለን አየችው። ከዚያ አፏን ከፈተች። ጣሳው እስኪያልቅ ድረስ ጠጣች፤ ከፋለም ፊቱን አዙሮ አለቀሰ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ አላወቀውም። እሷ ነፍስ ስትዘራ መጀመሪያ ያደረገችው የበሶዋን ከረጢት ከባሏ ጉያ አውጥታ ለከፋለ መስጠት ነው።

«ይኼ የጾም ነው። እኛ ሥጋ አለን፣ አንተ ምን አለህ?»

ከፋለ ተቀብሎ እጉያው ከተታት። ቆሎው ገና ስላላለቀ በሶውን አልነካም።

በበነጋው፣ የዙሪያው መንገድ ከገደሉ አቋራጭ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአለት ኋላ ሦስት ሰዎች ወጡ። አንደኛው ምንሽር ጠመንጃ ይዟል። ከጦር የከዱ ይሁኑ ረኃብ ያወጣቸው ገበሬዎች አይታወቅም። ጓደኞቹ ደባሱ የሚሉት ባለ ምንሽሩ ልጓሙን ያዘ።

«አውርዳት።»

ከፋለ ግን የሚያየው እሱን አልነበረም። ከኋላ የቆመው ሰው ትከሻ ላይ ስልቻ አለ፤ ስልቻው ጎን ላይ ቀይ መጣፊያ።  ምናለ!

«ይኼን ስልቻ ያመጣው ሰው የት አለ?»

«ላንተ ምንህ ነው? አውርዳት ብዬሃለሁ!»

ረሒማን አወረዷት። ሽፍቶቹ ጓዙን በርብረው ሥጋውን ሲያገኙ ዓይናቸው በራ። ቆሎውንም ወሰዱ። አንዱ ሥጋውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል ደባሱ እጁን ያዘውና አባስን ከራስ እስከ እግሩ አየው።

«ማነው ያረደው?»

ከፋለ ሥጋውን አየ። እኔ ነኝ ቢል ሥጋው ይሄዳል፣ ረሒማም አብራው ትሄዳለች። እውነቱን ቢናገር ምን እንደሚከተል የሚታወቅ ነገር የለም።

«እሱ ነው ያረደው። ቢስሚላህ ብሎ።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«እጁን ይዤለት ነበር።»

ሰውየው ሥጋውን እንደ ፍም ጣለው። «ቱ!» አለ ደባሱ። «ማተብ አንጠልጥለህ ለእስላም ታርዳለህ? በጥሰው!» ከፋለ ማተቡን በጡጫው ጨበጠ። የምንሽሩ ሰደፍ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈና መሬት ላይ ጣለው። እጁን ግን አልከፈተም። እነሱም በቅሎዋን ጎትተው ሄዱ።

ሰው የሚገፍፉ፣ ጾም የሚገድፉ፣ ከሞት አፋፍ ላይ ካለች ሴት ሥር በቅሎ የሚነጥቁ ሰዎች፣ የእስላም ሥጋ ግን ያረክሳቸዋል! ከፋለ ደሙ ባንገቱ እየወረደ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ምናለ ትዝ አለውና ተነሣ።

ሁለት የአስታ እንጨት ቆርጠው፣ በወንጭፉ ገመድና በመቀነት አስረው ቃሬዛ ሠሩ። ከፋለ ከፊት፣ አባስ ከኋላ ተሸከሙ። አባስ በሥጋው ትንሽ ጉልበት አግኝቷል፤ ቢሆንም በየአሥር እርምጃው ያርፋል። ከፋለ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ዓይኑ ሰማዩ ላይ ነው። መንገዶቹ ከሚገናኙበት ጥድ በላይ አሞራዎች ይዞራሉ።

«ገና አልወረዱም» አለ አባስ ከኋላው። «ካልወረዱ ሕይወት አለው።»

ምናለ ጥዱ ሥር ተጋድሞ ነበር። ልብሱን ገፈው፣ ራሱን ፈንክተው ነው የሄዱት። በረዶው ገደሉ ላይ አግቶት ኖሮ ያገኙት ትናንት ማታ ነው፤ ውርጭ ሲወርድበት አድሮ ገላው ጠቁሯል። ከፋለ ስሙን ሲጠራው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አባስ የገዛ ቡሉኮውን አውልቆ ጠቀለለውና፣ በላዩ ተኝቶ በገላው አሞቀው። ከፋለ በሶዋን ከጉያው አወጣ። በጥብጦ በጣቱ አላሰው፤ ልክ አባስ ረሒማን እንዳላሳት።

ምናለ ዓይኑን ሲገልጥ «ወለተ ሐና የላከችው ነው?» አለ።

«አይደለም። የረሒማ ነው። ቡሉኮውም የአባስ ነው።»

ምናለ በላዩ የተኛውን ሰው አየ፤ ቃሬዛው ላይ ያለችውንም። ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ። «ይቅር በሉኝ» ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ አባስ ግን «አብሽር፣ አትናገር፣ ጉልበት ይፈጅብሃል» ብሎ ዝም አሰኘው። ፀሐይ ሙቀት ስትሰጠው ምናለ ተነሣ፤ ተንገዳገደ፤ ያዙት። ከዚያም ሄዶ አባስ የሚይዘውን የቃሬዛውን ጫፍ አነሣ።

«ጥለሃት ትወድቃለህ» አለው ከፋለ።

«እወድቅና እነሣለሁ። ሂድ።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ሦስቱም ሲጠየቁ አያስታውሱትም። እየወደቁ መሄዳቸውን፣ ጅቦቹ ከጓሳው ወጥተው በግልጽ በሁለት ጎን መከተላቸውን፣ አባስ ከኋላ ሆኖ ድንጋይ እየወረወረ ድምፁ እስኪዘጋ መጮሁን ያውቃሉ። ጀምበር ስትጠልቅ ይምርሐነ ክርስቶስ የጥድ ደን ደረሱ። አንዱ ጅብ የቡሉኮዋን ጫፍ ነክሶ ሲጎትት ረሒማ ቃሬዛው ላይ ቀና ብላ በጣሳው አፍንጫውን መታችው። ጣሳው ጮኸ። የጣሳውን ድምፅ የሰሙ የመንደሩ ሰዎች ናቸው ችቦ ይዘው የወጡት።

ወለተ ሐና በሯ ላይ ቆማ ነበር። በቅሎ የለም፣ ስልቻ የለም፣ ወንድሟ ራሱ ተፈንክቷል፣ ቃሬዛ ላይ የማታውቃት ሴት አለች።  አጎንብሳ ረሒማን ተቀበለቻት።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ረሒማን ተሸክሞ ላሊበላ ዳር እስካለው ድንኳን ድረስ አወረዳት፤ ወተቱን ጠጣች። እነ ወለተ ሐናም ከዚያው ድንኳን በሚሰፈር ስንዴ ክረምቱን ተሻገሩ። ሁሉም አልተሻገረም፤ የመንደሩ መቃብር በዚያ ዓመት ወደ ደኑ ሰፋ።

ከፋለን ግን አንድ ነገር አላስተኛ ብሎት ኖሯል። ጾሙ ሲፈታ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ አባ ገብረ ሊባኖስ ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ በር ላይ ተንበረከከ።

«አባ፣ ቢስሚላህ ሲባል እጄ ቢላዋው ላይ ነበር። የያዝኩት በሁለት እጄ ነው። ጉልበቱም የኔ ነው።»

አባ ገብረ ሊባኖስ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

«ሴትዮዋ በላች?»

«በላች፣ አባ።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያው ቀኖናህን ስማ» አሉ ሽማግሌው፤ መስቀሉን ከግንባሩ ላይ አላነሡም። «የመጀመሪያዋን በግ ስታገኝ ያንን ሰው ጥራና በእሱ እጅ አሳርዳት። የሚያልፍ እስላም መንገደኛ ሁሉ ካንተ ቤት ይብላ።»

«አባ፣ በአገሩ በግ የለም።»

«ይኖራል።»

ዝናቡ ተመለሰ፤ በግም ተገኘ፤ ያም ቢሆን ጊዜ ወስዶ ነው። አባስና ረሒማ አገራቸው ገብተው ነበርና መልእክት ሲደርሳቸው ተራራውን ተሻግረው መጡ፤ ረሒማ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ምናለ በጓን ጎትቶ አመጣ። አባስ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ሞልቷል፣ ጅማቱ ተገትሯል። ቢላዋውን ሲያነሣ ከፋለ ሳያስበው ከኋላው ተንበርክኮ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ አፈረና መለሰው።

አባስ ዞሮ አየውና ሳቀ።

«አሁንስ ጉልበት አለኝ፣ ከፋለ።»

«አይቻለሁ።»

አባስ ቢላዋውን አላሳረፈም።  ሳቁም ከፊቱ ጠፋ።

«ቢሆንም» አለው፤ «እጄን ያዝልኝ።»